ፓንቻንጋም ቀን ቆጣሪ ይሁን እንጂ ሰው አሳሪ አይሁን

ሰው የማያውቀውን ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ ይሥቃል፤ ቆይቶ ይጠይቃል፤ ጠይቆ የተረዳ እንደ ሆነ ግን በሣቁ ያፍራል። ይህ ነገር በእኔ ላይ ደርሷልና፣ ለትምህርት ቤታችን ዓመታዊ መጽሔት ምን ልጻፍ ብዬ ባሰብሁ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ ስለ ሣቅሁበት ነገር ብጽፍ ይሻላል ብዬ ቆረጥሁ። የሣቅሁበትም ነገር በደቡብ ሕንድ የሚኖረው የቴሉጉ ሕዝብ «ፓንቻንጋም» ብሎ የሚጠራው የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎረቤታችን አንድ የኮሌጅ የሒሳብ መምህር ይኖራሉ። አገራቸው ሕንድ ሲሆን የተወለዱት በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ በክሪሽና ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በቪጃያዋዳ ከተማ ነው። ከእርሳቸው ጋራ የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ እናታቸው ዓርብ ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ድረስ ከቤት አይወጡም፤ አዲስ ነገርም አይጀምሩም። ሰኞ ደግሞ የሚጠነቀቁት ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ይህ ሰዓት «ራሁ ካላም» እንደሚባል፣ መልካም ሥራም እንደማይጀመርበት፣ ይህንንም ከፓንቻንጋም እንደሚያነቡ መምህሩ ነገሩኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ ለወንድሞቼ እያወራሁ ሣቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። በዚያን ቀን መምህሩ በአጥራችን በኩል ቆመው፣ «ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨረቃ ፈጽማ በግርዶሽ ትሸፈናለችና ወጥተህ ተመልከት» አሉኝ። ከየት እንዳወቁ ብጠይቃቸው ያንኑ መጽሐፍ አምጥተው አሳዩኝ። መጽሐፉ የታተመው የቴሉጉ አዲስ ዓመት ከገባበት ከመጋቢት 21 ቀን በፊት ነበር። በሕንድ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት የሚለውን፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ቀንሰው ወደ እኛ ሰዓት መልሰውት ኖሯል። የተባለው ሰዓት ደርሶ ደመናው ጥቂት ገለጥ ቢል፣ ጨረቃዋ እንደ ፍም ቀልታ ታየች። እናትየዋም ግርዶሹ እስኪያልፍ ድረስ ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው ነበር።

ይህንን ላወራላቸው ወደ አያቴ ሄድሁ። አያቴ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን በጸጥታ ከሰሙ በኋላ፣ «የመጪው የ2018 ዓመት አበቅቴ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። «12 ነው» አሉና፣ «የቤቱን ሒሳብ የማያውቅ ልጅ በጎረቤት ሒሳብ ይሥቃልን?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣቄን ትቼ መጠየቅ ያዝሁ። ዛሬ የምጽፈውም ጠይቄ የተረዳሁትንና ከዚያ የተነሣ ያደረብኝን አሳብ ነው።

በመጀመሪያ ፓንቻንጋም ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። «ፓንቻ» ማለት አምስት፣ «አንጋ» ማለትም የአካል ክፍል ነው። ስለዚህ ቃሉ አምስት ክፍል ያለው ማለት ይሆናል። አንደኛው ክፍል «ቲቲ» የሚባለው የጨረቃ ቀን ነው። ፀሐይንና ጨረቃን ከምድር ሆነን ስንመለከት በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ ቲቲ ይቆጠራል። 360 ዲግሪ ለ12 ሲካፈል 30 ነውና፣ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ 30 ቲቲዎች አሉ፤ 15ቱ ጨረቃ ስትሞላ፣ 15ቱ ስትጎድል የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛው የሳምንቱ ቀን ነው፤ ይህም እንደ እኛው ሰባት ነው። ሦስተኛው «ናክሻትራም» ይባላል፤ ጨረቃ የምትሄድበት የሰማይ መንገድ በ27 የከዋክብት ማደሪያዎች ተከፍሎ፣ በዚያ ቀን በየትኛው ማደሪያ እንዳለች ይነገራል። አራተኛው «ዮጋም» የፀሐይንና የጨረቃን ስፍራ በመደመር የሚገኝ ነው። አምስተኛው «ካራናም» የአንድ ቲቲ ግማሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለተራ ሰው አስቸጋሪ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራው እጅግ ረቂቅ ነው። ጨረቃ በመንገዷ አንዳንድ ጊዜ ትፈጥናለች፣ አንዳንድ ጊዜም ትዘገያለች፤ ስለዚህ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ያህል ብቻ ሲቆይ ሌላው እስከ 26 ሰዓት ይደርሳል። ታዲያ ቀኑ በየትኛው ቲቲ ይጠራ ለሚለው ጥያቄ የጥንት ሊቃውንቶቻቸው አንድ ሕግ አውጥተዋል፤ ይኸውም ፀሐይ ስትወጣ የሚገኘው ቲቲ የቀኑ ስም ይሁን የሚል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንዱ ቲቲ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ገብቶ፣ በማግስቱ ከመውጣቷ በፊት ቢያልቅ ከቍጥር ይዘለላል፤ ሌላው ደግሞ ሁለት የፀሐይ መውጫዎችን ቢያገኝ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መምህሩ ይህንን በወረቀት ላይ ሲያሳዩኝ፣ በክፍል ውስጥ የሚያሰለቸኝ የማዕዘን ሒሳብ ለስንት ቤተሰብ የጾምና የበዓል ቀን የሚወስን ነገር መሆኑን ሳስተውል ተደነቅሁ።

ከዚህም ይልቅ ያስደነቀኝ የቀኑ አከፋፈል ነው። ቴሉጉዎች ቀኑን የሚጀምሩት ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ሙሉውን ቀንና ሌሊትም «ገዲያ» በሚባል 60 ክፍል ይከፍሉታል። አንዱ ገዲያ 24 ደቂቃ ነው። ይህንን ለአያቴ ብነግራቸው ፈገግ አሉና፣ በባሕረ ሐሳብም አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ እንደ ሆነ ነገሩኝ። አንዱ ኬክሮስ ስንት ደቂቃ ይሆናል ብዬ ባሰላው 24 ደቂቃ ሆነ። ከሁለቱ አገር አንዱ ለሌላው አስተማረ ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሕዝቦች ቀናቸውን በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ሰፍረው መገኘታቸው የታወቀ ነው።

የዓመቱም ሒሳብ እንዲሁ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወሮች ተደምረው 354 ቀን ያህል ይሆናሉ፤ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ነው። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። እንግዲህ የእኛ ሊቃውንት አበቅቴ በየዓመቱ 11 እየጨመረ እንዲሄድ ያደረጉት ስለዚህ ነው፤ የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1 ነበር፣ የ2018 ደግሞ 12 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 19 ዓመት በ11 ሲባዛ 209 ይሆናል፤ ይህም ሰባት ባለ 30 ቀን ወር ለመሙላት አንድ ቀን ብቻ ይጎድለዋል። ፓንቻንጋምም ይህንኑ ልዩነት የሚያስተካክለው አንድ ወር በመጨመር ነው። ይህ ትርፍ ወር «አዲካ ማሳም» ይባላል፤ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ በ19 ዓመት ውስጥም ሰባት ጊዜ ያህል ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ሽራቫናም የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ የ2026ቱ ትርፍ ወር ደግሞ ጄሽታም ነው። ትርፍ ወር ባይኖር ኖሮ በዓሎቻቸው በየዓመቱ 11 ቀን ወደ ኋላ እየሸሹ፣ የበጋው በዓል በዝናብ፣ የመከሩም በዓል በድርቅ ይውል ነበር።

አሁን ደግሞ መጽሐፉ በቤት ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ልናገር። በሃይማኖቱ የሚተጋ የሂንዱ ቤተሰብ ጧት ጸሎት ሲጀምር፣ ጸሎተኛው አስቀድሞ የት ቦታና በምን ጊዜ እንደ ቆመ ይናገራል። ይህ «ሳንካልፓም» ይባላል። የዓመቱን ስም፣ ወቅቱን፣ ወሩን፣ ጨረቃ እየሞላች ወይም እየጎደለች መሆኗን፣ ቲቲውን፣ የሳምንቱን ቀንና የጨረቃን ማደሪያ በተራ ይጠራል። ይህንን ሁሉ በቃል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና መጽሐፉ ወይም ከእርሱ የተቀዳው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በየቤቱ አይታጣም። በክሪሽናና በጎዳቫሪ ወንዞች መካከል የሚኖር ሰው በዚህ ጸሎት ውስጥ ወንዞቹን ይጠራል፤ ከአገሩ የራቀ ደግሞ በእነርሱ ፈንታ ያለበትን አገር ያስገባል። የጎረቤታችን እናት በየቀኑ የሚጠሩት ስም «ኢትዮጵያ» መሆኑን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ተነካ። እኛ የእርሳቸውን ቀን ስንሥቅበት፣ እርሳቸው አገራችንን በጸሎታቸው ያነሡ ነበር።

ጾሙም በዓሉም ከዚሁ መጽሐፍ ይወጣል። ጨረቃ በሞላችና በጎደለች በአሥራ አንደኛው ቲቲ፣ በኤካዳሺ ቀን፣ ብዙዎች ይጾማሉ። የራማ ልደት የሚከበረው በመጀመሪያው ወር በዘጠነኛው ቲቲ ነው፤ የቪናያካ በዓል በስድስተኛው ወር በአራተኛው ቲቲ ነው፤ የመብራት በዓል የሆነው ዲፓቫሊም ጨረቃ በማትታይበት በአሽቫዩጃም ወር መጨረሻ ይውላል። የሳንክራንቲ በዓል ብቻ ፀሐይን ስለሚከተል ጥር 6 ወይም 7 ገደማ ላይ ይጸናል። ከሁሉ ይልቅ ግን በልቤ የቀረው የሙታን መታሰቢያ ነው። አባቱ የሞተበት ሰው በየዓመቱ የሚያስበው ሞት በደረሰበት ወርና ቲቲ እንጂ በአውሮፓ ቀን አይደለም። ስለዚህ በአሜሪካ ወይም በዓረብ አገር የሚሠራ ልጅ የአባቱን መታሰቢያ ለማወቅ ፓንቻንጋም መክፈት አለበት፤ ያለበት አገር ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ከሕንድ የተለየ በመሆኑም ቀኑ ከእናቱ ቤት ቀን ሊለይ ይችላል። በውጭ አገር ላሉት ቴሉጉዎች በየከተማው የፀሐይ መውጫ የተሰላ ፓንቻንጋም የሚዘጋጀው ስለዚህ ነው።

የመጽሐፉ ታላቅ ቀን አዲስ ዓመት ነው፤ ስሙም ኡጋዲ ይባላል። በዚያ ቀን በየቤቱ ስድስት ጣዕም ያለው «ፓቻዲ» ይሠራል፤ ለመራራው የኒም አበባ፣ ለጣፋጩ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ለኮምጣጣው ሁመር፣ ከዚያም ጥሬ ማንጎ፣ ጨውና ቃሪያ ይጨመርበታል። ትርጉሙም የሚመጣው ዓመት ምሬትም ጣፋጭም እንዳለው አውቆ ሁሉንም መቀበል ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በቤተ መቅደስ ወይም በአደባባይ ተሰብስቦ፣ አንድ ሊቅ የአዲሱን ዓመት ፓንቻንጋም ሲያነብ ይሰማል። ዓመቶቻቸው 60 ስሞች አሏቸው፤ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የገባው ዓመት ቪሽቫቫሱ ይባል ነበር። ስሙ ተመልሶ የሚመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነውና፣ 60 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደበት ዓመት ስም ስለ ተመለሰለት ታላቅ ደስታ ያደርጋል። እኛም ብንሆን በመስከረም 1 ቀን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዘመኑ የማቴዎስ ወይም የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን፣ ጾሙም መቼ እንደሚገባ በአዋጅ እንሰማለን። እንግዲህ ዘመን ሲለወጥ ሒሳቡን ጮክ ብሎ ለሕዝብ ማንበብ በእኛም ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ፣ «በዚህ ዘመን ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። እኔ ግን ይህ አነጋገር ነገሩን ካለመመርመር የመጣ ይመስለኛል። ስልኩም ቢሆን ቲቲውን የሚናገረው ያንኑ ፓንቻንጋም ተቀብሎ ነው እንጂ ከራሱ አላመጣውም። ደግሞም የአንድ ሕዝብ ቀን መቁጠሪያ ቀንን ለማወቅ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሰዎች አብረው እንዲጾሙ፣ አብረው እንዲበሉ፣ ሙታናቸውንም አብረው እንዲያስቡ የሚያደርግ ማሰሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ቴሉጉን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያደረጉ ሰዎች ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ተለይታ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ስትሆንም ኡጋዲ ለሁለት አልተከፈለም፤ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ቀን ይከበራል። ይህንን ያህል ሕዝብ በአንድ ጧት መራራና ጣፋጭ የሚያስቀምስ መጽሐፍ ክብር ይገባዋል።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ መጽሐፉ መልካምነት ነው። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ካልተናገርሁ አያቴም መምህሩም ይታዘቡኛል። በፓንቻንጋም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጥራዝ ተሰፍተው ይገኛሉ፤ አንደኛው ሒሳብ ነው፣ ሁለተኛው ግን የዕድል ንባብ ነው። ግርዶሹን አስቀድሞ የተናገረው ገጽ በሰማይ ላይ ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኖም እውነት ሆኖ አይቼዋለሁ። ሌላው ገጽ ግን ለ12ቱ የኮከብ ክፍሎች የዓመቱን ገቢና ወጪ፣ ክብርና ውርደት በቍጥር እየጻፈ ያከፋፍላል። ይህንን ባየሁ ጊዜ እርሳሴን አንሥቼ አሰላሁ። 80 ሚሊዮን ሕዝብ ለ12 ቢካፈል ለአንዱ ክፍል ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይደርሰዋል። ታዲያ በእነዚህ ውስጥ ባለጸጋውና የቀን ሠራተኛው፣ ሐኪሙና በሽተኛው፣ አበዳሪውና ተበዳሪው ሁሉ በዚያ ዓመት አንድ ገቢና አንድ ወጪ ሊኖራቸው ነውን? የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ይህንን እንዴት ይቀበለዋል?

ነገሩ በቍጥር ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልተከራከርሁ ነበር። ነገር ግን የዕድሉ ገጽ በሰው ሕይወት ላይ እጁን ይጭናል። በሠርግ ጊዜ የሁለቱ ወጣቶች የልደት ኮከብ ተመሳክሮ ከ36 ነጥብ ስንት እንደሚያገኙ ይቆጠራል፤ ነጥቡ ካነሰ የተጀመረው ነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። በልደትም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው የሕንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት፣ በቴላንጋና ከ100 ልደቶች ውስጥ 60 ያህሉ በቀዶ ሕክምና የተፈጸሙ ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሆኖም አንዳንድ ቤተሰቦች ሕፃኑ «ሙሁርታም» በሚባለው መልካም ሰዓት እንዲወለድላቸው ሐኪሙን መጠየቃቸው አንዱ ምክንያት መሆኑን የጤና ባለ ሥልጣኖቻቸው ራሳቸው በግልጽ ተናግረውበታል። ልጅ ጊዜው ሲደርስ ይወለዳል እንጂ፣ ለጊዜው ሲባል እናቱ ልትቀደድ አይገባም።

ይህንን ሁሉ በሌላ አገር ሰው ላይ ብቻ የምናገር ከሆነ ግን ግብዝ እሆናለሁ። በእኛ ቤት የደረሰውን ልናገር፤ አባቴም ይህንን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበው እንዲታተም ፈቅደውልኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እኅቴን አንድ መልካም ሰው ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። እርሷም ወድዳው ነበር። ዘመዶቻችን ግን ኮከባቸው ይታይ ብለው ወደ አንድ ዐዋቂ ሄዱ። ዐዋቂውም ዐውደ ነገሥት ገልጦ፣ የሁለቱን ስምና የእናቶቻቸውን ስም በፊደል ቍጥር ቆጥሮ፣ ለ12 ገድፎ፣ «ኮከባቸው አይገጥምም» አለ። ነገሩም በዚሁ ቀረ። ያ ሰው ሌላ አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ ዛሬም ስሙ በቤታችን ሲነሣ እኅቴ አንድ ምክንያት ፈጥራ ከክፍሉ ትወጣለች። እኔ በጎረቤታችን ራሁ ካላም ስሥቅ፣ በገዛ ቤቴ በስም ፊደል ምክንያት የእኅቴ ደስታ እንደ ተሰበረ አላስታወስሁም ነበር።

በእኛ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ ሌላ መጽሐፍ ነው፣ ዐውደ ነገሥትም ሌላ መጽሐፍ ነው። አንዱ የጾምና የበዓል ሒሳብ ሲሆን ሌላው የዕድል ንባብ ነው። በቴሉጉዎች ዘንድ ግን ሁለቱ በአንድ ሽፋን ውስጥ ስለሚገኙ፣ የአንደኛው እውነተኛነት ለሁለተኛው ዋስ የሆነ ይመስላል። ግርዶሹን በትክክል የተናገረ መጽሐፍ ስለ ገቢዬና ስለ ወጪዬስ እንዴት ይሳሳታል ብሎ ሰው ያምናል። ስሕተቱ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህንንም የውጭ ሰው ድፍረት አድርጋችሁ አትቍጠሩብኝ፤ ሕንዶች ራሳቸው ፓንቻንጋምን ከመመርመር አልቦዘኑም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1952 መንግሥታቸው የዘመን አቆጣጠር የሚያሻሽል ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በስመ ጥሩው የፊዚክስ ሊቅ በሜግናድ ሳሃ ሰብሳቢነት አሠራው። ኮሚቴው በአገሪቱ ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ የተለያዩ አቆጣጠሮች መኖራቸውን፣ በጥንቱ ሒሳብ የሚታወጁት ወቅቶችም ከእውነተኛው የፀሐይ ወቅት 23 ቀን ያህል መራቃቸውን ገለጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም ጽሑፉን አቀረበ። ሳሃ በየካቲት 1956 ስለ ሞቱ ፍሬውን አላዩም፤ ነገር ግን የሕንድ ብሔራዊ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1957 ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት በዘመናዊ የሥነ ፈለክ ሒሳብ የሚያሳትመው ፓንቻንግም በቴሉጉ ጭምር ይወጣል። ሆኖም ሕዝቡ የአባቶቹን ፓንቻንጋም አልተወም፤ አንዳንዶቹ በጥንቱ ቀመር፣ ሌሎቹ በዛሬው የሰማይ ምልከታ ስለሚያሰሉም አንዳንድ በዓል በሁለት መጽሐፍ ሁለት ቀን ይጻፋል፤ ሊቃውንቱም ይከራከራሉ። እኔ ይህንን ክርክር እንደ ውርደት አልቆጥረውም። የሚከራከሩበት ነገር ሊፈተን የሚችል ነገር ነውና። ስለ ዕድሉ ገጽ ግን በምን ሚዛን ይከራከራሉ?

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው፣ የጎረቤታችን እናት ከብዙ ዓመት በፊት ያደረጉትን እነግረዋለሁ። መምህሩ ወጣት ሳሉ ለመጀመሪያ ሥራቸው ለፈተና የተጠሩት ዓርብ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነበር፤ ይህም በራሁ ካላም መካከል ነው። አባታቸው «ቀኑን ያዛውሩልህ፤ ካልሆነ ይቅርብህ» አሉ። እናትየዋ ግን ፓንቻንጋሙን ተመልክተው፣ «ራሁ የሚገባው 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ አንተ በ3 ሰዓት ከቤት ውጣ፤ መንገዱን ቀድመህ ጀምረሃልና ሥራው የተጀመረው በመልካም ሰዓት ነው» ብለው እርጎ በስኳር አቅምሰው ሰደዷቸው። ልጃቸውም ፈተናውን አለፉ። መምህሩ ይህንን ሲያጫውቱኝ፣ «እኔ ያለፍሁት ስላጠናሁ ነው እላለሁ፤ እናቴ ግን ቀድመህ ስለ ወጣህ ነው ትለኛለች፤ ቀድሜ በመድረሴም ሳልደነግጥ መፈተኔ እውነት ነው» ብለው ሣቁ። እኚህ እናት ልማዳቸውን አልካዱም፤ የልጃቸውንም እንጀራ አልዘጉም። ከመጽሐፉ ጋራ ተማክረው ለልጃቸው መንገድ ፈለጉ እንጂ ከመጽሐፉ ሥር አልታሰሩም።

የእኔ አሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። ማንኛውም የቀን መቁጠሪያ፣ የሕንድም ይሁን የኢትዮጵያ፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ፣ ጾምና በዓልን የሚያስተካክል፣ ወላጅን የሚያሳስብ እስከ ሆነ ድረስ ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባዋል። ልጅን ከትምህርት፣ በሽተኛን ከሐኪም፣ ወጣትን ከወደደው ሰው የሚለይ በሆነ ጊዜ ግን፣ ያ ገጽ እንደ ኡጋዲው ፓቻዲ ጥቂት ተቀምሶ ሊታለፍ እንጂ እንደ ሕግ ሊጸና አይገባውም።

ለወላጆቻችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ኮከብ ከማስቆጠራችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጠይቁ። ለመምህራኖቻችን ደግሞ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ባሕረ ሐሳብን በምሳሌነት ቢያስተምሩን፣ ከጎኑም ፓንቻንጋምን ቢያሳዩን፣ እኛ ተማሪዎች በሁለት አገር ሰማይ ላይ አንድ ዓይነት ሒሳብ መኖሩን ተረድተን፣ በሰው ልማድ ላይ ለመሣቅ አንቸኩልም ነበር ብዬ አሳስባለሁ።

እኔ ለራሴ የ2019 ዓ.ም. አበቅቴ ስንት እንደ ሆነ አሁን ያለ ረዳት አስልቼ 23 መሆኑን ለአያቴ ነግሬያቸዋለሁ። አያቴም ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «በል እንግዲህ ለጎረቤትህ ሂድና ንገራቸው» አሉኝ። ሄጄም ነገርኋቸው፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ነገር ግን 6 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ በአክብሮት ጠብቄያለሁ።